የቢጫው ሳጥን ቁልፍ

ቁጡ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ኋላ የማወራው ሁሉ ከዚህ ስለመጣ ነው። አባቴ አምቦ ውስጥ አስተማሪ ነበር፤ አለንጋውን ክፍል ውስጥ ትቶ ወደ ቤት የማይመጣ ዓይነት አስተማሪ። ከእኛ ከልጆቹ አንዳችንም ሳንገረፍ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። ሲመታ ድምፁን አያሰማም ነበር። እኔ በተቃራኒው ሰው መትቼ አላውቅም፣ ግን እጮኻለሁ፤ ምላሴ ከሐሳቤ ይቀድማል። እናቴ "አንቺን የሚያገባ ሰው ጆሮውን ቤቱ ትቶ ይምጣ" ትለኝ ነበር። ያገባኝ ሰው ጆሮውን ይዞ ነው የመጣው፤ ሲበዛበት ግን ጃኬቱን ያነሳና ግቢ ወጥቶ ይቆያል።

ሥራዬ ደግሞ ቁጣን የሚወድ ሥራ ነው። ጨረር የሚያመነጩ ዕቃዎች ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄዱ የሚታሸጉበትን ሳጥን እመረምራለሁ። ፋብሪካው ሳጥኑን ከፍታ ላይ ጥሎ፣ ብረት ወርውሮበት፣ ክብደት ጭኖበት፣ ውሃ አፍስሶበት ይፈትነውና ሰርተፍኬት ይሰጠዋል። እኔ ሳጥኑ ዛሬም ሰርተፍኬቱ ላይ የተጻፈውን ሳጥን ይመስል እንደሆነ አያለሁ። ማጠፊያውን፣ ጓጉንቸሩን፣ የጨረር ምልክቱን፣ መኪና ላይ የታሰረበትን ቀበቶ አያለሁ፤ በመለኪያዬ ከላዩ የሚወጣውን ጨረር እለካለሁ። ጉድለት ካለ አልፈርምም። እኔ ካልፈረምኩ ሳጥኑ ካለበት አይነሳም።

ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ጨረር ከየት መጣ ብሎ የሚስቅብኝ ዘመድ አይጠፋም። መንገድ የሚሠራ ድርጅት ሁሉ አለው። አስፋልት ከመነጠፉ በፊት ከሥሩ ያለው አፈር በደንብ መጠቅጠቁ የሚለካው፣ ሆዱ ውስጥ ጨረር አመንጪ ነገር ባለው ትንሽ ማሽን ነው። ማሽኑ ሲጓዝ ሁለት ሰው የሚሸከመው ቢጫ ሳጥን ውስጥ ይገባል። የእኔ ታሪክ ከእነዚህ ሳጥኖች የአንዱ ነው፤ በይበልጥ ደግሞ የሾፌሩ።

ሾፌሩን መጀመሪያ ያየኋቸው ከባኮ ወጣ ብሎ በነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ነው። ከአምቦ ብርድ ወርጄ የባኮ ሙቀት ገና ከመኪና ስወርድ አናቴን መታኝ። ሾፌሩ አምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ የአምቦ ሰው ናቸው። ሠራተኛው "ኦቦ" ይላቸዋል፣ እኔ በኋላ "ጋሼ" አልኳቸው። ፒካፓቸውን ማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር አቁመው ምሳ ይበላሉ። የተቀመጡት ቢጫው ሳጥን ላይ ነበር።

ቀረብ ብዬ አየሁ። የሳጥኑ ማጠፊያ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ጓጉንቸር የለውም። የጨረር ምልክቱ ላይ ጭቃ ተለጥፏል፤ በዝናብ የመጣ ጭቃ ሳይሆን በእጅ የተቀባ። ለምን ብዬ ስጠይቅ አጠገባቸው የቆመው ቴክኒሺያን፣ በማሽኑ የሚሠራው ልጅ፣ "ኬላ ላይ ሲያዩት ያስቆሙናል፣ ለዚህ ነው" አለኝ።

ደሜ ፈላ። ከሾፌሩ ፊት ድንጋይ ላይ የነበረውን ሳህን በእግሬ ገፋሁት እላለሁ፣ ግን እውነቱ መታሁት ነው። ሽሮው ሱሪያቸው ላይ ተገለበጠ። "ተነስ" አልኩ። አንቱ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ግን ሰው ሁሉ እየሰማ "ተነስ አንተ ሰውዬ፣ ምን ላይ እንደተቀመጥክ ታውቃለህ?" አልኩ።

"ሳጥን ላይ ነዋ" አሉ፣ ረጋ ብለው ሽሮውን ከጉልበታቸው እየጠረጉ።

ሠራተኞቹ ሳቁ። ያ ሳቅ ነው ያጠፋኝ። "ይሄ ክዳን አንድ ቀን ቢከፈት ዙሪያውን የቆመ ሰው ሁሉ ያልቃል" አልኩ። "ቆዳችሁ ይላጣል፣ ዓይናችሁ ይፈሳል። አንተ ብቻ አይደለህም፣ ይሄ የሚስቅልህ ሁሉ ቀባሪ ያጣል።"

ሾፌሩ ቀና ብለው አዩኝ። ሞኝ ሰው አልነበሩም። "እሱ ልጅ በየቀኑ ይከፍተው የለ እንዴ?" አሉ፣ ቴክኒሺያኑን በአገጫቸው እያሳዩ።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። "እሱ አስተኝቶ ነው የሚከፍተው። መኪና ላይ ሲንገጫገጭ የቆየ ማሽን ነቅቷል። የነቃ ማሽን የከፈተ ሰው አንድ ሰፈር ይዞ ነው የሚሞተው" አልኩ።

ውሸት ነው። የሚተኛም የሚነቃም ማሽን የለም። ጨረር የሚያመነጨው ነገር ከጣት ጫፍ ያነሰች ፍሬ ናት፤ በብረት ታሽጋ፣ በእርሳስ ተከልላ፣ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ትቀመጣለች። ማሽኑ የራሱ መዝጊያና የራሱ ቁልፍ አለው፤ ቢጫው ሳጥን የውጭ ልብሱ ነው። ክዳኑ ቢከፈት የሚታየው ማሽን ብቻ ነው፣ አይተውት ቢዘጉት ማንም አንዳች አይሆንም። አደጋው ማሽኑን ራሱን ሰባብሮ ፍሬዋን አውጥቶ ኪሱ የሚከት ሰው ሲገኝ ነው። ይህን ቴክኒሺያኑ ያውቃል። ግን ፊርማዬን ይፈራልና ዝም አለ፤ እኔም ዝም እንዲል በዓይኔ ነገርኩት።

ያን ቀን አልፈረምኩም። የድርጅቱ ሰዎች ሥራ አቆምሽብን ብለው እስከ አለቃዬ ድረስ ሄዱ። አለቃዬም "ሽቦውን አስወልቀሽ ጓጉንቸር ብታስገቢበትስ?" አለኝ። ማጠፊያው የተሰበረ ሳጥን ላይ ጓጉንቸር ማንጠልጠል ጥርስ ለሌለው ሰው መፋቂያ መስጠት ነው አልኩት። በመጨረሻ አዲስ ሳጥን ገዙ። አገላብጬ መረመርኩት፣ እንከን አጣሁበት፣ ፈረምኩ። ሁለት ነገር ግን በገዛ እጄ ጨመርኩ። አንደኛው፣ ምልክቱ በምንም አይሸፈንም። ሁለተኛው፣ የሳጥኑ ቁልፍ ከሾፌሩ ጋር አይጓዝም፤ ቁልፉን ቴክኒሺያኑ በሌላ መኪና ይዞ ይመጣል። ሾፌሩ ቁልፍ ከሌለው ማንም አስገድዶ ሊያስከፍተው አይችልም ብዬ ነበር። በዚህች ሐሳብ በጣም ኮርቼባት ነበር።

ሾፌሩ ተለወጡ። ሳጥኑ ላይ መቀመጥ ቀርቶ ሰው እጁን እንዲያሳርፍበት አይፈቅዱም። ፒካፑ ላይ ተሳፋሪ መጫን አቆሙ። ከኋላ መስታወታቸው እያዩ ነው የሚነዱት። ታስራ፣ ተቆልፋ፣ ማንም ሳይነካት ስለምትጓዝ ሳጥኗን "ሙሽራዋ" አሏት። አምቦ ባለፉ ቁጥር ለምርመራ ያሳዩኝና "ሙሽራዋን አየሻት? ደህና አድራለች?" ይሉኛል። ከባኮ ማንጎ ያመጡልኛል፣ በጋዜጣ ጠቅልለው። አንድ ቀን ስለ ሽሮው ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "ተይው፣ ጨው በዝቶበት ነበር" አሉ። ስለ ውሸቱ ግን አልነገርኳቸውም። ውሸቱ ሥራውን እየሠራ ነው፣ ምን አስቸኮለኝ ብዬ ተውኩት።

ያን ጊዜ መንገድ የሚዘጋበት ዘመን ነበር። ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው አስፋልት ላይ ዛሬ ክፍት የነበረው ነገ በድንጋይ ታጥሮ ይገኛል። ጎማ ይቃጠላል፣ ይተኮሳል፣ ኢንተርኔት ይጠፋል። አምቦ ያደገ ሰው ተኩሱ ከየት ሰፈር እንደሆነ በድምፁ ይለያል። የጎረቤታችን ልጅ ደጃፉ ላይ ወድቆ አይቻለሁ፤ እናቱ ደሙ ላይ አመድ ስትበትን፣ አመዱ ሲያልቅባት ወደ እኛ ቤት መጥታ አመድ ስትለምን አይቻለሁ። ሰው ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ።

ማሽኑ በየጊዜው አዲስ አበባ ሄዶ ፍሬዋ አለመሸርሸሯ ይፈተሻል። ተራው ደረሰ። ሾፌሩ ጠዋት መንገዱ ሰላም ነው ተብለው ከባኮ ተነሱ። እኔ አምቦ ሆኜ እጠብቃለሁ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ።

"ልጄ፣ እዚህ ዘግተውታል" አሉ። የት እንደሆኑ ነገሩኝ፤ ከአምቦ ብዙ የማይርቅ ትንሽ የመንገድ ዳር ከተማ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ከኋላቸው ጩኸት ይሰማል። "ትናንት ሰው ቀብረዋል። ሙሽራዋን ከበዋት ምልክቱን እያዩ ነው።"

"ቁልፍ የለኝም ይበሏቸው" አልኩ። "እንዳይከፍቱት።"

"እሺ። ሂን ሶዳቲን" አሉ፣ አትፍሪ ማለታቸው ነው። ስልኩ ተቋረጠ።

መለኪያዬን በቦርሳዬ ይዤ ባጃጅ አስቆምኩ። ባለባጃጁ መጀመሪያው የድንጋይ ክምር ጋ ሲደርስ "እኔ ከዚህ አላልፍም፣ እናት አለኝ" አለኝ። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። የጎማው ጭስ ጉሮሮ ይቆርጣል። ሱቆቹ በሙሉ ተዘግተዋል። ፒካፑ መስታወት የሚባል አልቀረለትም፤ አንዱ በሩ ተገንጥሎ ቦይ ውስጥ ወድቋል። ቢጫው ሳጥን አስፋልቱ መሃል ተጋድሟል፣ አንድ ጎረምሳ በድጅኖ ይመታዋል። ድጅኖው ባረፈ ቁጥር የሳጥኑ ድምፅ እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባል። ማጠፊያው አልነቃነቅ ብሏል።

ከሳጥኑ ወዲህ ሰዎች ክብ ሠርተዋል። ክቡ መሃል ጋሼ ወድቀዋል።

መጀመሪያ የለየሁት ጫማቸውን ነው። አንዱ ወልቋል። ሌላው እግራቸው ላይ ነው፣ እግራቸውን ወደ ሆዳቸው ሰብስበው አቅፈውታል። የሚደበደብ ሰው ሁሉ ራሱን በእጁ ይሸፍናል፤ እሳቸው ግን እግራቸውን ይዘዋል። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። አንዱ በቀበቶ ይገርፋል፣ አንዱ በጫማው ይረግጣል፣ አንዱ ቁና ቁና እየተነፈሰ በዱላ ይወርዳል። "ፉርቱን ኤሳ?" ይላሉ። ቁልፉ የት ነው? ጋሼ ደም የሞላው አፋቸውን ከፍተው "ሂን ጅሩ" ይላሉ፣ የለም። "የለም፣ ልጆቼ፣ ሂዱ፣ ራቁ ከዚህ" ይላሉ በአማርኛ። እንደገና "ፉርቱን ኤሳ?" እንደገና ዱላው። አጥንት ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ከሥጋ ድምፅ ይለያል፤ ልጅ ሆኜ ቤታችን ውስጥ የተማርኩት ትምህርት ነው።

ሰው እየገፋሁ ገባሁ። በኦሮምኛ "ቁልፉ እሱ ጋ የለም፣ ሌላ ሰው ጋ ነው" ብዬ ጮህኩ። "ተዉት፣ አደገኛ ዕቃ ነው" ብዬ ጨመርኩ። ምላሴ መቼም አያርፍ። አደገኛ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ባሰባቸው። "አየህ? ቦምብ ነው፣ ለእኛ የተላከ ነው" አለ ባለቀበቶው። "እሷም አብራ ናት" አለ ሌላው፣ ፀጉሬን ይዞ አዞረኝና በጥፊ ጆሮዬን አለኝ። አስፋልቱ ላይ በጉልበቴ ወደቅኩ። ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ከፉጨት በቀር የሰማሁት የለም። ግን አይ ነበር። ድንጋይ የያዘ እጅ ከፍ ሲል፣ ጋሼ ፊት ላይ ሲወርድ፣ እንደገና ከፍ ሲል አየሁ። ድንጋዩ ሁለተኛ ሲነሳ ቀልቷል።

ያስቆመቻቸው አንዲት አሮጊት ናት። ከተዘጋ ቤት በር ከፍታ ወጣች፣ ቀጭን፣ ጎባጣ። እየሮጠች አይደለም የመጣችው፤ ጉልበቷም አይችልም። መቀነቷን ከወገቧ ፈትታ በሁለት እጇ ዘረጋችውና ጋሼ ደረት ላይ ጣለችው። ከዚያ ራሷን ጣለችባቸው። እዚያ አገር የእናት መቀነት ተጥሎ እጁን የሚያነሳ ሰው የእናቱን ማህፀን እንደመታ ይቆጠራል። ባለዱላው ዱላውን እንዳነሳ ቆመ። "አዮ፣ ተነሺ" አላት፣ እናቴ እንደማለት ነው። "እኔን ጨምረህ ግደል" አለችው። ትናንት የቀበሩት ልጅ የልጇ ልጅ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ባለዱላው ዱላውን ጥሎ ፊቱን በክንዱ ሸፈነና አለቀሰ። ያን ያህል ሲመታ የነበረ ሰው ቁጭ ብሎ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ሽማግሌዎች ለማስታረቅ የሚያዘውን እርጥብ ሰርዶ ይዘው መጡ፣ ሰዉም ቀስ በቀስ ተበተነ። ጋሼን በአንድ አይሱዙ ጭነው ወደ አምቦ ሆስፒታል ሊወስዱ ሆነ። ተሳፈሪ አሉኝ። እዚህ ላይ ያደረግኩትን ልናገር። አልተሳፈርኩም። ጨረር አመንጪ ዕቃ ያለጠባቂ መንገድ ላይ አይተውም፤ ሕጉ ይህ ነው፣ ሕጉም ልክ ነው። መለኪያዬን አውጥቼ ሳጥኑን በአራቱም ጎን ለካሁ። ያው የወትሮው ንባብ ነው። ክዳኑ ተጎርብጧል፣ ቢጫው ቀለም ተልጧል፣ ጓጉንቸሩ ላይ የድጅኖ ጥርስ ታትሟል፤ አልተከፈተም። የፈረምኩበት ሳጥን ፈተናውን አልፏል። አይሱዙው ሲሄድ የጋሼ ባዶ እግር ከጭነቱ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ እያየሁ፣ ከሳጥኑ ጎን ቆሜ እየጠበቅኩ መኪና እስኪመጣልኝ ሦስት ሰዓት ቆየሁ።

ሆስፒታል የደረስኩት በማግስቱ ነው። ሚስታቸው ኮሪደሩ ላይ ደም የነካውን ልብሳቸውን በፌስታል ይዛ ተቀምጣለች። "እትዬ፣ ጋሼ እንዴት አደሩ?" አልኳት። "የግራ ዓይኑ አይድንም ብለውኛል። የጎን አጥንቱ ሦስት ቦታ ተሰብሯል" አለች። ከዚያ ፌስታሉ ውስጥ እጇን ሰድዳ ፈለገችና አንድ ነገር አወጣች። "ይሄ ካልሲው ውስጥ ነበር። ነርሷ ካልሲውን በመቀስ ስትቀደው ወደቀ። የቤታችን አይደለም፤ ያንቺ መሥሪያ ቤት ይሆን?"

አጭር፣ ነጭ ቁልፍ ናት። የሳጥኑ ጓጉንቸር ቁልፍ።

ቴክኒሺያኑ ኋላ ሁሉንም ነገረኝ። ያን ቀን ልጁ ታሞበት አብሮ መሄድ አልቻለም። ሕጌን ያውቃል፣ ግን "ጋሼ ታማኝ ሰው ናቸው" ብሎ ቁልፉን በእጃቸው ሰጣቸው፣ ለማንም እንዳይናገሩም አደራ አለ። ባኮ ላይ የተሰጠች ያቺ ቁልፍ ካልሲያቸው ውስጥ ሆና ነው እኔ ስልክ ላይ "ቁልፍ የለኝም ይበሏቸው" ያልኳቸው። ያን ሁሉ ዱላ ሲቀምሱ እግራቸውን ያቀፉት ለዚህ ነበር።

ወደ ክፍሉ ገባሁ። ፊታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ድምፄን ሲሰሙ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። "ሙሽራዋስ?" አሉ።

"ደህና ናት። አልተከፈተችም።"

"ነቅታ ነበር" አሉ። "ከባኮ ጀምሮ ስትንገጫገጭ መጥታ። በዚያ ላይ በድጅኖ ሲመቷት።" ትንፋሻቸው አጠራቸው። "ብከፍትላቸው ያን ሁሉ ልጅ ትጨርስ ነበር። ልጆች እኮ ናቸው። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት። ብከፍተው ያልቁ ነበር አይደል?"

ቁልፏ መዳፌ ውስጥ ነበረች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የኔ ግን ያን ጊዜ ያመለጠኝ አይደለም፣ አስቤ ነው የተናገርኩት። ዓይንዎን በከንቱ ነው ያጡት ብሎ በፋሻ ለተጠቀለለ ሰው የሚናገር አፍ የለኝም አልኩ በልቤ። "አዎ ጋሼ፣ ያልቁ ነበር" አልኩ።

"ተመስገን" አሉና ያቺን አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከዚያ በኋላ መንዳት አልቻሉም። የአምቦ ሰው ግን አከበራቸው። የመቱዋቸው ልጆች አንዳንዶቹ በሽማግሌ መጥተው እግራቸው ላይ ወደቁ፣ ይቅር አሏቸው። ገበያ ሲወጡ ሰው ከወንበሩ ይነሳላቸዋል፤ "ያ ሁሉ ሰው እንዳያልቅ ዓይናቸውን የሰጡ" ይባላል። በየበዓሉ እሄዳለሁ። ሚስታቸው ምግብ ታቀርባለች፣ እሳቸው ለእንግዳው ሁሉ "ይቺ ናት ያስተማረችኝ" ይላሉ። ሽሮ ከቀረበ አልበላም።

ለራሴ ግን ሥራዬን ለወጥኩ። የሾፌሮች ሥልጠና ስሰጥ እውነቱን እንዳለ እናገራለሁ፤ ክዳኑ ተከፍቶ ቢታይ ምንም አይሆንም፣ ነፍሳችሁን ለሳጥን አትስጡ፣ አስገድደው ክፈት ካሏችሁ ክፈቱ፣ ማሽኑን አሳዩ፣ ብቻ ማሽኑን እንዳይሰብሩት ለምኑ። ቁልፉም ከሾፌሩ ጋር እንዲጓዝ ደንቡን አስቀየርኩ። ይህን በብዙ ከተማ አስተማርኩ። አምቦ ላይ ሥልጠና በታሰበ ቁጥር አመመኝ እያልኩ ሰው ተካሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አንድ ጊዜ ምትክ ታጣና የአምቦውን ሥልጠና እኔው ያዝኩ። አዳራሹ ውስጥ ስገባ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ ጋሼ ተቀምጠዋል፤ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው። አዘጋጁ ምንም አያውቅም፤ ለሠልጣኞቹ አርአያ እንዲሆኑ ብሎ የክብር እንግዳ አድርጎ ጋብዟቸዋል። እንዲናገሩ ጋበዛቸው። ተነሥተው ስለ ሙሽራዋ ተናገሩ፣ ስለ ድጅኖው፣ ስለ አሮጊቷ መቀነት። "ነቅታ ነበር" አሉ። ሾፌሮቹ አንዳንዶቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ፣ ግን አጨበጨቡ።

ተራዬ ደረሰ። ደብተሬን ከፍቼ ስለ ምልክትና ስለ ማሰሪያ ቀበቶ ብቻ አወራሁ፤ ስለ ክዳኑ ያለውን ገጽ ዘለልኩት። ልጨርስ ስል ከባኮ የመጣች ቴክኒሺያን እጇን አነሳች። የዋህ ናት፣ ክፋት የላትም።

"እኔ ማሽኑን በየቀኑ ከፍቼ ነው የምሠራበት" አለች። "ጋሼ ያን ቀን ሳጥኑን ቢከፍቱት ኖሮ ምን ይሆን ነበር?"

ጋሼ አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፣ ደስ ብሏቸው፤ መልሱን እንደሚያውቅ ሰው። አሁን ደግሜ ብዋሽ ከተቀመጡት ሾፌሮች አንዱ ነገ በሌላ መንገድ ላይ በዱላ ይሞታል። ይህን ስላሰብኩ ነው የተናገርኩት እንጂ ደፋር ሆኜ አይደለም።

"ምንም አይሆንም ነበር" አልኩ። "ማሽኑን አይተው ይለቋቸው ነበር። ይነቃል ያልኩት እኔ ነኝ። ተናድጄ የፈጠርኩት ነው።"

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። የግራ ዓይናቸው ቆብ የተሰፋበት ጠባሳ አለ፣ ሁልጊዜ ሳየው ወደ ሌላ እመለከት ነበር። ያን ቀን አየሁት። ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅኩ፣ ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመቱኝ ደስ ባለኝ።

"ሆስፒታል ጠይቄሽ ነበር" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

"ጠይቄሽ ነበር እኮ" አሉ እንደገና፣ ያቺኑ ረጋ ያለች ድምፃቸውን ሳይለውጡ።

ኮፍያቸውን አደረጉና ተነሡ። በግራ በኩል የነበረው ወንበር አልታያቸውም፣ ጉልበታቸውን መታቸው። ሁለት ሾፌሮች ሊደግፏቸው ብድግ ሲሉ እጃቸውን አንሥተው ከለከሏቸው፣ ወንበሮቹን በእጃቸው እየዳሰሱ ብቻቸውን ወጡ።